ኤድሞን ቤክሬልና የአዘገጃጀት ምሥጢር

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ አስቀድሞ ሽቅብ መውጣት አለበት። መንገዱ ከ2700 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ከፍታው 4000 ሜትር ገደማ ወደሆነው የሳነቴ አምባ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው በሐረና ደን ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው የሚወርደው። በዚህ መንገድ የሚመላለሱ ሰዎች ያለ መምህር የሚማሩት አንድ የፊዚክስ ትምህርት አለ። አንድ ዓይነት ባቄላ በአንድ ዓይነት ድስት ተጥዶ ጎባ ላይ ከደሎ መና ይልቅ ዘግይቶ ይበስላል። በደጋው የአየር ግፊት አነስተኛ ስለሆነ ውሃው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ከፈላ በኋላም እሳቱ ምንም ቢበረታ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ባቄላው ያው ባቄላ ነው፤ የተለወጠው የበሰለበት ሁኔታ ነው።

ይህ የጓዳ ዕውቀት ከፖሊመር የሚሠሩ የፀሐይ ሴሎችን በሚያጠኑ ተመራማሪዎች ዘንድ ከዋና ዋናዎቹ ጥያቄዎች አንዱ ሆኗል። ሁለት ቤተ ሙከራዎች አንድ ዓይነት ፖሊመር ይዘው ሴል ቢሠሩ የአንዱ ሴል ከሌላው በእጥፍ የበለጠ ኤሌክትሪክ ሊያመነጭ ይችላል። ልዩነቱ ፖሊመሩ ከሟሟበት ፈሳሽ፣ ከደረቀበት ፍጥነት፣ ከሞቀበት የሙቀት ልክና በዚያ ሙቀት ከቆየበት ጊዜ ይመነጫል። ነገሩ የዘመናችን ብቻ ይመስላል እንጂ አይደለም። ከብርሃን ኤሌክትሪክ ሊገኝ እንደሚችል ከታወቀበት ዕለት ጀምሮ አብሮ የኖረ ጥያቄ ነው። ጥያቄውን ቀድሞ የገጠመው፣ ዕድሜውንም በሙሉ ሲከታተለው የኖረው ሰው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኤድሞን ቤክሬል ነው። የሕይወቱ ታሪክ እነሆ ቀጥሎ ቀርቧል፤ ዓመታቱም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሌክሳንድር ኤድሞን ቤክሬል ማርች 24 ቀን 1820 በፓሪስ ከተማ ተወለደ። አባቱ አንትዋን ሴዛር ቤክሬል በናፖሊዮን ዘመን የመሐንዲስ ጦር መኮንን ሆኖ በስፔን የዘመተ ሰው ነበር። ከውትድርና ከተሰናበተ በኋላ ግን ራሱን ለሳይንስ ሰጠ፤ በኤሌክትሪክና በኬሚስትሪ መካከል ያለውን ዝምድና በመመርመርም በአውሮፓ ስሙ ከሚጠራ ሊቃውንት አንዱ ሆነ። በ1838 በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የፊዚክስ መምህርነት ወንበር ተሰጠው። ይህ ወንበር ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ እስከ አራተኛው ትውልድ ድረስ በቤክሬል ቤተሰብ እጅ ቆይቷል።

በዚያው ዓመት አንትዋንና አርኖ ዳባዲ የተባሉት ሁለት ፈረንሳውያን ወንድማማቾች በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። አገሪቱ በዘመነ መሳፍንት ውስጥ ነበረች። አንትዋን ዳባዲ የኢትዮጵያን ተራሮች ከፍታና አቀማመጥ በመሣሪያ ሲለካ ዓመታት አሳልፏል፤ በኋላም ከኤድሞን ቤክሬል ጋር በአንድ ጉባኤ ተቀምጧል። በ1838 ግን ኤድሞን ገና ትምህርቱን የት እንደሚቀጥል የሚያስብ የ18 ዓመት ወጣት ነበር።

በዚያ ዘመን ለአንድ ፈረንሳዊ ወጣት ከሁሉ የሚበልጡት ሁለት ትምህርት ቤቶች ኤኮል ኖርማልና ኤኮል ፖሊቴክኒክ ነበሩ። ኤድሞን የሁለቱንም የመግቢያ ፈተና አለፈ፤ ለሁለቱም ተመረጠ። ነገር ግን ሁለቱንም ትቶ በሙዚየሙ የአባቱ ረዳት ለመሆን ወሰነ። ትልቅ የትምህርት ቤት ስም ወደ ሹመት በሚያደርስበት አገር ይህን መንገድ መምረጥ ቀላል አልነበረም። ወጣቱ የመረጠው ከአዳራሽ ትምህርት ይልቅ በእጅ የሚሠራውን ሙያ ነው፤ ሰሌዳ መወልወልን፣ አሲድ መመጠንን፣ ሽቦ ማያያዝን፣ የመርፌን እንቅስቃሴ መከታተልን ከአባቱ ሥር ሆኖ ተማረ። በኋላ ያገኘው ሁሉ የተመሠረተው በዚህ የእጅ ሙያ ላይ ነው።

ውሳኔው በአንድ ዓመት ውስጥ ፍሬ አፈራ። በ1839 ኤድሞን 19 ዓመት ሲሆነው ስሙን እስከ ዛሬ የሚያስጠራውን ሙከራ አደረገ። ብርሃን እንዳይገባበት ተደርጎ በጠቆረ ሣጥን ውስጥ አሲድ የተቀላቀለበት ፈሳሽ ጨምሮ ሁለት የብረታ ብረት ሰሌዳዎች ነከረ። ሰሌዳዎቹን በሽቦ አገናኝቶ ጥቂት ኤሌክትሪክ እንኳ ቢያልፍ መርፌው የሚነቃነቅ ጋልቫኖሜትር ከመካከላቸው አስገባ። ከዚያም በአንደኛው ሰሌዳ ላይ የፀሐይ ብርሃን እንዲያርፍ፣ ሁለተኛው ግን በጨለማ እንዲቆይ አደረገ። ብርሃኑ ሲገባ መርፌው ከቦታው ተነሣ፤ ብርሃኑ ሲጋረድ ወደ ቦታው ተመለሰ። ያለ እሳትና ያለ እንቅስቃሴ፣ በብርሃን ኃይል ብቻ ኤሌክትሪክ ሊገኝ እንደሚችል የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

የሙከራው ዋና ቁም ነገር ግን በመርፌው መነቃነቅ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። ሰሌዳው ባዶውን ሲነከር የሚገኘው ኤሌክትሪክ እጅግ አነስተኛ ነበር። ያው ሰሌዳ በብር ክሎራይድ ወይም በብር ብሮማይድ ስስ ሽፋን ሲለበስ መርፌው በግልጽ ተንቀሳቀሰ። ቤክሬል ብርሃኑን በየቀለሙ ከፍሎ ሲሞክርም ሰማያዊውና ሐምራዊው ክፍል ከቀዩ ይልቅ ብዙ ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ አየ። እንግዲህ ውጤቱን የሚወስኑት የፀሐይዋ ብርታትና የብረቱ ዓይነት ብቻ አልነበሩም፤ በብረቱ ላይ ያረፈው ሽፋን ምን እንደሆነና እንዴት እንደተሠራም ይወስን ነበር።

በዚያ ዘመን ይህ ለምን እንደሚሆን የሚያስረዳ ዕውቀት አልነበረም። ኤሌክትሮን የተባለው ቅንጣት የታወቀው በ1897 ሲሆን ይህም ቤክሬል ከሞተ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እርሱ ነገሩን የተረዳው ብርሃን በሚያስከትለው ኬሚካዊ ለውጥ መንገድ ነበር። በግኝቱም ኃይል ለማመንጨት ሳይሆን የብርሃንን ብርታት ለመለካት ተጠቀመበት፤ አክቲኖሜትር የሚባል መለኪያም ሠራ። መብራት የሚያበራ፣ ሞተር የሚያዞር ነገር ከዚያ ሣጥን አልወጣም፤ የሚገኘው ኤሌክትሪክ ለዚያ አይበቃም ነበርና።

በ1840 የዶክተርነት ማዕረግ ካገኘ በኋላ ቤክሬል ፊቱን ወደ ፎቶግራፍ መለሰ። የዳጌር የፎቶግራፍ ብልሃት ለሕዝብ የተገለጠው በ1839 ስለነበር ፓሪስ በዚህ አዲስ ነገር ተይዛ ነበር። ለቤክሬል ግን ፎቶግራፍ የሰው ፊት ማንሻ ብቻ አልነበረም። ብርን ከክሎሪን፣ ከብሮሚንና ከአዮዲን ጋር አዋሕዶ ብርሃን የሚሰማው ሽፋን ማዘጋጀት በኤሌክትሪኩ ሙከራ የለመደው ሥራ ነው። በ1842 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በሰሌዳ ላይ አተመ። በሥዕሉም ላይ የፍራውንሆፈር ጥቁር መስመሮች ታዩ፤ መስመሮቹም ዓይን ከሚያየው ሐምራዊ ቀለም አልፈው በማይታየው የአልትራቫዮሌት ክፍል ውስጥ መቀጠላቸው ተገለጠ።

ከስድስት ዓመት በኋላ በ1848 ያገኘው ውጤት ደግሞ ሁሉን የሚያስደንቅ ሆነ። የፀሐይን ቀስተ ደመና ከነቀለሙ በብር ሰሌዳ ላይ አሳረፈ። ቀዩ ባረፈበት ቀይ፣ አረንጓዴው ባረፈበት አረንጓዴ፣ ሰማያዊውም ባረፈበት ሰማያዊ ሆኖ ታየ። ቀለም አልተቀባም፤ ቀለሙን የሰጠው ብርሃኑ ራሱ ነው።

የዚህ ሥራ ምሥጢር በሙሉ በአዘገጃጀቱ ውስጥ ነበር። ቤክሬል እጅግ የተወለወለ የብር ሰሌዳ በክሎሪን አሲድ ፈሳሽ ውስጥ ነክሮ ኤሌክትሪክ ያሳልፍበታል፤ በዚህ ጊዜ ክሎሪኑ ከብሩ ጋር እየተዋሐደ ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ሲቀጥንና ሲወፍር የሚወጣው ቀለም ስለሚለያይ ውፍረቱን በግምት አልተወውም። ያው ኤሌክትሪክ በሌላ ዕቃ ውስጥ የሚያወጣውን ጋዝ እየሰፈረ በሰሌዳው ላይ የተዋሐደውን ክሎሪን መጠን ያውቅ ነበር። ከዚያም ሰሌዳውን በጨለማ ያሞቀዋል። ያልሞቀው ሰሌዳና በልኩ የሞቀው ሰሌዳ አንድ ዓይነት ብርሃን ቢቀበሉም ቀለማቸው አንድ አይሆንም፤ በልኩ ሲሞቅ በተለይ ብጫውና ነጩ ይሻሻላል። ስለዚህ ምን ያህል እንደተሞቀና ምን ያህል ጊዜ እንደቆየ እየጻፈ ብዙ ሰሌዳዎችን እርስ በርስ አነጻጸረ።

በዚህ ድል ውስጥ ግን አንድ ሐዘን ነበረ። ሥዕሉ በብርሃን ፊት አይጸናም። የሠራው ብርሃን እንደመሆኑ የሚያጠፋውም ብርሃን ሆነ። ተራ ፎቶግራፍን የሚያጸኑት ኬሚካሎች በዚህ ሰሌዳ ላይ ሲሞከሩ ቀለሙን ይዘውት ይሄዳሉ። ቤክሬል ብዙ ጣረ፤ አልተሳካለትም። በመሆኑም ከሥራዎቹ ሁሉ እጅግ የሚያምረውን ለሰው ማሳየት የሚችለው በደብዛዛ ብርሃን፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚያም ወደ ጨለማ ሣጥኑ ይመልሰዋል። ሌላ ሰው ቢሆን ሥራውን እንደ ከንቱ ቆጥሮ በተወው ነበር። እርሱ ግን ሥዕሉን ማጽናት ባይችል አሠራሩን አጸናው፤ የሰሌዳውን ዝግጅት ከመወልወል እስከ ማሞቅ ድረስ አንድ በአንድ ጽፎ አሳተመ።

ቤክሬል በቬርሳይ በተከፈተው የእርሻ ተቋም ለጥቂት ጊዜ ካስተማረ በኋላ፣ ተቋሙ በ1852 ሲዘጋ በፓሪስ የጥበብና የእጅ ሙያ ኮንሰርቫቷር የፊዚክስ መምህር ሆነ። ይህ ተቋም ዋና ዓላማው ሳይንስን ለኢንዱስትሪና ለሙያ ሰዎች ማድረስ ነበር። ለአባቱ በእጅ ሥራ ረዳት ሆኖ ላደገ ሰው ከዚህ የተሻለ ወንበር አይገኝም። በ1851 ትዳር ይዞ ስለነበር በ1852 መጨረሻ ሄንሪ የተባለው ልጁ ተወለደ።

በ1850ዎቹ ዓመታት ቤክሬል ብርሃን ካረፈባቸው በኋላ በጨለማ የሚያበሩትን ነገሮች መመርመር ጀመረ። ይህ ጠባይ ፎስፎረሰንስ ይባላል። ከነዚህ ነገሮች አንዳንዶቹ ለሰዓታት ሲያበሩ ሌሎቹ ዓይን ሳያያቸው ይጠፋሉ። ይህንን ለመለካት ፎስፎሮስኮፕ የተባለውን መሣሪያ ሠራ። ቀዳዳ ያላቸው ሁለት ክብ ሰሌዳዎች በአንድ ዘንግ ላይ ይዞራሉ፤ የሚመረመረው ነገር በአንደኛው ቀዳዳ ብርሃን ይቀበላል፤ ከቅጽበት በኋላ ደግሞ በሌላው ቀዳዳ በኩል ይታያል። በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ጊዜ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ሊያንስ ይችል ነበር። ከዚያ ቀደም አያበሩም ይባሉ የነበሩ ብዙ ነገሮች ለቅጽበት እንደሚያበሩ በዚህ መሣሪያ ታወቀ።

በዚህም ምርምር የአዘገጃጀት ጥያቄ እንደገና መጣ። ካልሲየም ሰልፋይድ የተባለው ውሁድ የኖራ ደንጊያን ወይም ሌላ የካልሲየም ካርቦኔት ዓይነት ከድኝ ጋር በማቃጠል ይገኛል። ቤክሬል በዕብነ በረድ፣ በጠመኔና በባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ጀምሮ ውሁዱን ሠራ። በኬሚስትሪ ዓይን ሦስቱም አንድ ናቸው። ሆኖም የተገኙት ሰልፋይዶች በጨለማ የሚሰጡት ቀለም የተለያየ ሆነ፤ የተቃጠሉበት ሙቀት ሲለወጥም ቀለሙ አብሮ ተለወጠ። የባሌ ሰው ይህን በቅርብ ምሳሌ ሊረዳው ይችላል። ከባሌ ተራሮች የሚነሣው የወይብ ወንዝ ሶፍ ዑመር ላይ ቦርቡሮ ያለፈው ደንጊያ የኖራ ደንጊያ ነው። ያ ደንጊያና የባሕር ቅርፊት በወረቀት ላይ የሚጻፉት በአንድ ቀመር ነው። ነገር ግን በውስጣቸው የታመቀው ጥቂት ባዕድ ነገርና የቅንጣቶቻቸው አሰላለፍ ይለያያል፤ እሳቱ ደግሞ ይህን ልዩነት ያጎላዋል። ቀመሩ የነገሩን ስም ይናገራል እንጂ ታሪኩን አይናገርም፤ ብርሃን የሚመልሰው ግን ለታሪኩ ጭምር ነው።

በ1863 ቤክሬል የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆኖ ተመረጠ። አንትዋን ዳባዲ በ1867 በዚያው አካዳሚ ሲመረጥ ሁለቱ ሰዎች የአንድ ጉባኤ ባልደረቦች ሆኑ፤ አንደኛው የኢትዮጵያን ተራሮች የለካ፣ ሁለተኛው ብርሃንን የለካ። በ1867ና በ1868 ቤክሬል ስለ ብርሃን መንሥኤና ውጤት የጻፈውን ባለ ሁለት ቅጽ መጽሐፍ አወጣ። የ30 ዓመት ሥራው፣ የኤሌክትሪኩም፣ የቀለሙም፣ የፎስፎረሰንሱም ሙከራ፣ ከነአዘገጃጀቱ በዚያ ውስጥ ይገኛል።

ዕድሜው ከ50 ካለፈም በኋላ አላረፈም። በ1872 የዩራኒየም ውሁዶች የሚሰጡትን ብርሃን መረመረ። በ1874 ደግሞ ክሎሮፊልን፣ ማለት ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውን ነገር፣ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ሽፋን ውስጥ አስገባ። ለሰማያዊ ብርሃን እንጂ ለቀይ የማይታዘዘው ሰሌዳ ክሎሮፊሉ ሲገባበት ቀዩንም መቀበል ጀመረ። ከአንድ ዓመት በፊት ጀርመናዊው ፎግል ሌሎች ማቅለሚያዎች እንዲህ ያለ ውጤት እንደሚሰጡ አሳይቶ ነበር። ከሕያው ተክል የተገኘ የካርቦን ውሁድ ብርሃን ተቀብሎ ጉልበቱን ለሌላ ነገር ማስተላለፍ እንደሚችል በዚህ ታወቀ፤ የዛሬዎቹ የኦርጋኒክ የፀሐይ ሴሎች የሚሠሩትም በዚሁ መሠረታዊ ሐሳብ ነው።

አባቱ አንትዋን ሴዛር በ1878 ሲሞት የሙዚየሙን ወንበር ኤድሞን ወረሰ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በዚያው አገለገለ። ሜይ 11 ቀን 1891 በፓሪስ በ71 ዓመቱ ዐረፈ። ልጁ ሄንሪ ወንበሩን ተቀበለ፤ አባቱ ይመረምራቸው የነበሩትን የዩራኒየም ውሁዶች አንሥቶ በ1896 ራዲዮአክቲቪቲን አገኘ፤ በ1903ም ከኩሪ ባልና ሚስት ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ከዚያ ወዲህ ቤክሬል የሚለው ስም ሲጠራ ብዙ ሰው የሚያስበው ልጁን ነው፤ የአባትዬው ሥራ ግን ቀስ በቀስ ሌላ መንገድ ይዞ ሄደ።

የኤድሞን ቤክሬል ሣጥን ያመለከተው ኃይል ወደ ጥቅም እስኪደርስ ከ100 ዓመት በላይ ፈጀ። በ1883 አሜሪካዊው ቻርልስ ፍሪትስ ከሴሌኒየም የሠራው ሴል ከሚያርፍበት ብርሃን 1 በመቶ ገደማ ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጥ ነበር። በ1954 በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ከሲሊኮን የተሠራው ሴል 6 በመቶ ደረሰ፤ ለዚህም ያበቃው ሲሊኮንን አጥርቶ በልኩ ባዕድ ነገር የማስገባት ሙያ መዳበሩ ነው። በፖሊመርም ረገድ እንዲሁ ሆነ። በ1967 በጃፓን በአንድ ቤተ ሙከራ ፖሊአሴቲሊን ሲሠራ አፋጣኙ ኬሚካል በስህተት 1000 እጥፍ ሆኖ ተጨመረ፤ ጥቁር ዱቄት ሲጠበቅ ብር የመሰለ ስስ ሽፋን ወጣ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ፖሊመሮች በ1977 ለዓለም የተገለጡት ከዚህ ሽፋን ተነሥቶ ነው።

ከፖሊመር የሚሠራ የፀሐይ ሴል ለአዘገጃጀት እጅግ የሚታዘዘው በውስጡ በሚሆነው ነገር ምክንያት ነው። ብርሃን በፖሊመሩ ላይ ሲያርፍ የሚነቃው ጉልበት ከ10 ናኖሜትር ገደማ በላይ ሳይጓዝ ይከስማል። ኤሌክትሪክ እንዲገኝ በዚያ አጭር ርቀት ውስጥ ኤሌክትሮን የሚቀበል ሌላ ነገር ማግኘት አለበት። ስለሆነም ሰጪውና ተቀባዩ በአንድ ፈሳሽ ሟሙተው አብረው ይደርቃሉ። ፈሳሹ ሲተን ሁለቱ እጅግ ከተቀላቀሉ ኤሌክትሪኩ መውጫ መንገድ ያጣል፤ እጅግ ከተለያዩ ደግሞ የነቃው ጉልበት ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ ይጠፋል። በሁለቱ መካከል ያለውን ልክ የሚወስነው የአደራረቁ ሁኔታ ነው።

ይህንም በቁጥር ማየት ይቻላል። በ2001 በኦስትሪያ ሊንዝ የተሠራ ጥናት አንድ ፖሊመር ከቶሉይን ይልቅ በክሎሮቤንዚን ሲሟሟ የሴሉ ብቃት ከ0.9 ወደ 2.5 በመቶ ከፍ እንዳለ አሳየ፤ ከፈሳሹ በቀር የተለወጠ ነገር አልነበረም። በ2005 በካሊፎርኒያ ፖሊታዮፊን ከተባለው የፖሊመር ወገን የተሠራ ሴል በ150 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ሲሞቅ ብቃቱ ወደ 5 በመቶ ተጠጋ። በ2007 ደግሞ ጥቂት ጠብታ ሌላ ፈሳሽ መጨመር ብቻ የአንድ ሴል ብቃት ከ2.8 ወደ 5.5 በመቶ አደረሰው። ዛሬ የምርጦቹ ሴሎች ብቃት ከ18 በመቶ አልፏል። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪና የፊዚክስ ተመራማሪዎች ከስዊድን የሊንሾፒንግና የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው አዳዲስ ፖሊመሮችን ሠርተው በሴል ፈትነዋል። በቤክሬል የብር ሰሌዳ ላይ የታዩት ጥያቄዎች፣ የሽፋኑ ውፍረት፣ የሙቀቱ ልክና የቆይታው ጊዜ፣ በነዚህ ሁሉ ሥራዎች ውስጥ ዳግመኛ ተነሥተዋል።

ነገሩ ወደ ባሌ ደጋ ሲመለስ ክብደቱ ይጨምራል። የመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ የሚገኝባት ሮቤ ከባሕር ወለል በ2500 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ የአየር ግፊቷም ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚያ የሚተን ፈሳሽ፣ ሌላው ሁኔታ አንድ ከሆነ፣ ከባሕር ዳር ይልቅ ፈጥኖ ይተናል። በባሕር ዳርቻ ከተማ የተጻፈ አሠራር ሮቤ ላይ ቃል በቃል ቢፈጸም የፖሊመሩ ሽፋን ያንኑ መልክ ይይዛል ማለት አይቻልም፤ በበልግና በክረምት እርጥበት ሲጨምር፣ በበጋ አየሩ ሲደርቅም እንዲሁ። የጎባ ባቄላ የሚታዘዘው ለዚሁ ሕግ ነው።

የተሠራው ሴል የሚውልበት ቦታም የራሱን ፈተና ያመጣል። የፀሐይ ሴሎች በዓለም ዙሪያ የሚፈተኑት በ25 ዲግሪ ሙቀትና በአንድ ካሬ ሜትር 1000 ዋት በሚሆን ብርሃን ነው። በሳነቴ አምባ ላይ ግን ሌሊቱ ከዜሮ በታች ሊወርድ፣ ቀኑ በጠራራ ፀሐይ ሊውል ይችላል። ቅዝቃዜ በብዙ ፖሊመሮች ውስጥ የኤሌክትሪክን ጉዞ ያዘገያል፤ የሙቀትና የብርድ መፈራረቅ ስስ ሽፋኖችን እርስ በርሳቸው ሊያላቅቅ ይችላል። አልትራቫዮሌት ብርሃን በየ1000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ፖሊመሩን ከኦክሲጅን ጋር ተባብሮ ይጎዳዋል። የቤክሬልን ባለ ቀለም ሥዕሎች ያጠፋው ብርሃን በሌላ መንገድ እዚህም አለ። ከመልካ ዋከና ግድብ የሚመነጨው ኃይል በሽቦ ከማይደርስባቸው የደጋ መንደሮች ውስጥ እንዲህ ያለ ሴል አገልግሎት እንዲሰጥ ቢታሰብ፣ በሌላ አገር የተመዘገበ ብቃቱ ብቻውን በቂ ማስረጃ አይሆንም። አደራረቁን በሮቤ፣ ጽናቱን በሳነቴ መለካት ያስፈልጋል፤ የግፊቱ፣ የእርጥበቱና የሙቀቱ መጠንም ከውጤቱ ጎን መጻፍ አለበት።

የዚህ ዓይነቱ መዝገብ ዋጋ በቤክሬል ሥራ ላይ ታይቷል። ከ1848ቱ ሥዕሎች አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ በፈረንሳይ ሙዚየሞች ውስጥ ከብርሃን ተጠብቀው ይገኛሉ። ቀለማቸው ከየት እንደመጣ ከ170 ዓመት በላይ ሲያከራክር ቆየ። በፓሪስ የሚገኙ ተመራማሪዎች ግን ዋናዎቹን ሰሌዳዎች ለአደጋ ማጋለጥ አላስፈለጋቸውም፤ ቤክሬል የጻፈውን አዘገጃጀት ተከትለው አዳዲስ ሰሌዳዎች ሠሩ፤ ቀለሞቹም እንደገና ወጡ። በ2020 ያሳተሙት ጥናት ቀለሙ የሚመጣው በሽፋኑ ውስጥ ከተበተኑ እጅግ ደቃቅ የብር ቅንጣቶች መሆኑን፣ የቅንጣቶቹ መጠንና አቀማመጥም ባረፈባቸው ብርሃን እንደሚወሰን አመለከተ። ኤድሞን ቤክሬል ይህን መልስ ሳያውቅ ሞተ። መልሱ እንዲገኝ ያስቻለው ግን ሰሌዳውን እንዴት እንደወለወለ፣ ክሎሪኑን እንዴት እንደሰፈረና እንዴት እንዳሞቀው በጥንቃቄ ጽፎ መተዉ ነው።